በሌለበት የተፈረደበት ነጋዴ

የአገራችን ሰው ስለ ፍርድ ከተናገራቸው ምሳሌዎች መካከል ጠልቆ የሚሰማው፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ነው። በዋጋ ቢመዘኑ በቅሎና ጭብጦ የሚወዳደሩ አይደሉም። ነገር ግን በቅሎዪቱ የሄደችው ባለቤቷ ተናግሮ፣ ምስክሩን አሰምቶ፣ በመጨረሻም ተረትቶ ነው። ጭብጦዪቱ ግን የሄደችው ቃሉን ሳይሰጥ ስለ ሆነ ሐዘኗ ከልቡ አይወጣም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ሐዘን በሕግ መድኀኒት ያገኘበትን መንገድ ነው፤ ይኸውም ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ተነሥቶ ነገሩ እንደ ገና እንዲሰማ የሚፈቅደው ሥርዓት ነው።

ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ ዳኞችን ያስጨነቀ ነው። ተከሳሽ ካልቀረበ አይፈረድም ቢባል፣ ባለዕዳ ሁሉ ተሸሽጎ ይቀራል። ይፈረድ ቢባል ደግሞ፣ ጥሪው ያልደረሰው ወይም ሕመም የጣለው ሰው ሳይሰማ ንብረቱን ያጣል። የሮማ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 እና በ450 ዓመት ባወጧቸው በዐሥራ ሁለቱ የሕግ ሰሌዳዎች፣ ከባለጉዳዮቹ አንዱ እስከ ቀትር ሳይቀርብ ቢቀር ከቀትር በኋላ ለቀረበው እንዲፈረድ አዘዙ። በዚያው ሕግ ግን ከባድ ሕመም ወይም ከባዕድ አገር ሰው ጋር አስቀድሞ የተቈረጠ ቀጠሮ ያገደው እንደ ሆነ፣ ቀኑ እንዲተላለፍ ደነገጉ። እንግዲህ በሌለበት የመፍረድ ሥልጣንና የቀረበትን ምክንያት የመስማት ግዴታ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ናቸው ማለት ነው።

በእኛ አገር የቀድሞው ልማድ ጥያቄውን የፈታው በሌላ መንገድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለገንዘብና ባለዕዳም በሰንሰለት ተቈራኝተው አብረው ይውሉና ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ከቁራኛ ለመዳን የፈለገ ሰው፣ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ ዋስ ይጠራ ነበር። እንዲህ ባለው ሥርዓት ተከሳሽ በሌለበት የሚፈረድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ መቅረት ራሱ ተከልክሏልና። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የተበደለው ከሳሽም እንደ ተከሳሹ እስረኛ ሆኖ፣ እርሻውንና ንግዱን ትቶ ይውላልና። በሰንሰለቱ ፈንታ ወረቀት፣ ማለት መጥሪያ፣ በተተካ ጊዜ ሰው ነጻነቱን አገኘ፤ ወረቀት ግን እንደ ሰንሰለት ሁልጊዜ ከሰው ዘንድ አይደርስም።

በእንግሊዝ አገርም የጋራ ሕግ ፍርድ ቤቶች ተከሳሽ ሳይቀርብ መፍረድን ለረዥም ዘመን ይሸሹ ነበር። ንብረቱን እየያዙ ወይም ሰውነቱን እያሰሩ እንዲቀርብ ያስገድዱት ነበር እንጂ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1725 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ግን፣ ተከሳሹ ተጠርቶ ሳይቀርብ ቢቀር ከሳሹ ራሱ «ቀርቧል» ብሎ በስሙ አስመዝግቦ ክርክሩን እንዲቀጥል ተፈቀደ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሌይ የተባለውን ታላቅ ሊቅ ሳይጠራና ሳይሰማ ማዕርጉን ገፎት ነበር፤ የጠቡ መነሻም የጥቂት ገንዘብ ክስ ነበር። በ1723 ዓ.ም. ነገሩ በንጉሡ ችሎት ሲታይ፣ ከዳኞቹ አንዱ እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ጠርቶ ቃሉን ሳይቀበል እንዳልፈረደበት አስታወሰ። ማዕርጉም ተመለሰለት።

ይህ አሳብ እየበረታ ሄዶ፣ በ1937 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት አንድ የውርርድ ዕዳ ባለበት ሰው ጉዳይ ላይ ግልጽ መሠረት አቆመ። የነገሩ ፍሬ ተመርምሮ ወይም ባለጉዳዮቹ ተስማምተው ያልተሰጠ ፍርድ፣ በቀጠሮ ማለፍ ብቻ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ፍርድ ቤቱ መልሶ ሊያነሣው ሥልጣን አለው አለ። ተከሳሹ ግን ለክርክር የሚበቃ መከላከያ እንዳለው ማሳየት ይገባዋል።

በ1908 ዓ.ም. የወጣው የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንኑ መድኀኒት ጽፎት ነበር፤ የእኛም ሕግ ከእርሱ ብዙ ወስዷል። መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቍጥር 70 መሠረት፣ መጥሪያው በሚገባ ለተከሳሹ መድረሱ ሲረጋገጥ ነገሩ እርሱ በሌለበት ይሰማል። ሳይደርሰው ቀርቶ እንደ ሆነ ሌላ መጥሪያ ይላካል፤ ደርሶት ጊዜው ያጠረው እንደ ሆነ ቀጠሮው ይተላለፋል። በቍጥር 78 መሠረት ደግሞ የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። መጥሪያው በሚገባ አለመድረሱን ወይም በቂ ምክንያት ያገደው መሆኑን ካስረዳ ፍርዱ ይነሣለታል። ዳኛውም ኪሣራ እንዲከፍል ወይም ገንዘብ እንዲያስቀምጥ ሊያዘው ይችላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ወሩ የሚቈጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ተከሳሹ ካወቀበት ቀን ነው። ያላወቀ ሰው ጊዜ አለፈበት ሊባል አይገባምና።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለትንሹ ነጋዴ ነው። ታላቅ ኩባንያ ወረቀት የሚቀበል ጸሐፊና ነገር የሚከታተል ጠበቃ አለው። ባለ አንዲት ሱቅ ግን ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ራሱ ዕቃ አምጪ ነው። ዕቃ ሊገዛ ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ሳምንት መጥሪያው ምኑንም ለማያውቅ ተላላኪ ልጅ ቢሰጥ፣ ነጋዴው ነገሩን የሚሰማው የፍርድ አፈጻጸሙ ትእዛዝ ከሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በአንድ አሠሪ ላይ ደርሷል። ለአንድ ሠራተኛው የሕክምና ዕዳ ዋስ ሆነሃል ተብሎ 5,600 ዶላር ያህል ተከሰሰ፤ በሌለበትም ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ ርስቱ ከዋጋው በብዙ ባነሰ ገንዘብ ተሸጠ። እርሱም መጥሪያ አልደረሰኝም ብሎ ሲያመለክት፣ የግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች ለዕዳው የምታቀርበው መከላከያ ከሌለህ ፍርዱ ቢነሣም ያው ይፈረድብሃል ብለው መለሱት። በ1988 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሳብ አፈረሰ። መከላከያ ባይኖረው እንኳ፣ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ሠራተኛውን ወደ ክርክሩ ሊያስገባ፣ ከከሳሹ ጋር ሊስማማ፣ ዕዳውን ሊከፍል ወይም ርስቱን ራሱ በደኅና ዋጋ ሊሸጥ ይችል ነበር አለ። የጭብጦዋ ባለቤት የሚያዝነው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ፍርድ ማግኘት ይቸግራል።

የከሳሹም እውነት ግን መዘንጋት አይገባውም። ዕቃውን በዱቤ ሸጦ፣ ዳኝነት ከፍሎ፣ በየቀጠሮው የተመላለሰ ሰው ያገኘው ፍርድ በማናቸውም ሰበብ የሚፈርስ ከሆነ ፍርድ ቤት መሄዱ ከንቱ ድካም ይሆናል። ሕጉ በቂ ምክንያት ያለው፣ የወር ገደብ የወሰነውና ኪሣራ የጨመረው ስለዚህ ነው። መጥሪያውን ተቀብሎ ከመሳቢያው የጣለና መጥሪያው ያልደረሰው ሰው እኩል ሊታዩ አይገባም።

ስለዚህ ነጋዴው አድራሻውን የታወቀ ያድርግ፤ በሱቁ የሚተወውንም ሰው ወረቀት ቢመጣ በዚያው ቀን እንዲነግረው ያስጠንቅቀው። በሌለበት እንደ ተፈረደበት በሰማ ጊዜ የሰማበትን ቀን ጽፎ ይያዝ፤ ወሩም ሳያልፍ ያመልክት። የሕግ ተማሪም በመዝገብ ላይ «ተከሳሹ አልቀረበም» የሚለውን ቃል ባነበበ ቍጥር ወደ ቀጣዩ ገጽ ከማለፉ በፊት፣ መጥሪያውን ማን ወሰደው፣ ለማንስ ሰጠው፣ በምን ቀን ብሎ መጠየቅን ይልመድ።