ስለ አንዲት ሚስት ሕግና ስለ ጋብቻ ዓላማ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትቈጥረዋለች፤ ይኸውም ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት የተሰጠ፥ እስከ ሞት የሚጸና ማሰሪያ ነው። በጮሌና በቀረውም የአርሲ ደጋ የሚኖር ክርስቲያን ግን በገበያም፥ በለቅሶም፥ በሽምግልናም ሁለትና ሦስት ሚስት ካላቸው ጎረቤቶች ጋራ አብሮ ይውላል። «አብርሃምና ያዕቆብ፥ ዳዊትም ብዙ ሚስት አልነበራቸውምን?» ተብሎ ሲጠየቅ በቍጣ ሳይሆን በዕውቀት ይመልስ ዘንድ፥ የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባዋል።

የመምህራን መልስ እንዲህ ነው። ለአዳም የተፈጠረችለት ሔዋን አንዲት ነበረች፤ የአባቶች ብዙ ማግባት የታለፈ እንጂ የታዘዘ አልነበረም። የልያና የራሔል ቅናት፥ የአጋርም ከነልጅዋ ወደ ምድረ በዳ መሰደድ ለትምህርት ተጻፈ። ጋብቻ የተሠራው ለመረዳዳት፥ ልጅ ወልዶ ለማሳደግና ከዝሙት ለመጠበቅ ነው። ዓላማው ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ መካኒቱን ሰድዶ ሌላ ማምጣት ጽድቅ በሆነ ነበር።

ግብጻዊው ሊቅ አስሳፊ ኢብን አልአሳል በ13ኛው ምእት ዓመት በዐረብኛ የሰበሰበው፥ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ የጋብቻን ነገር ይደነግጋል፤ በሚስት ላይ ሚስት መጨመርንም ይከለክላል። ለካህናት ሕጉ ከዚህም ይጠብቃል፤ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ አግብቶ በክህነቱ ሊያገለግል አይችልም።

ይህ ሕግ በኢትዮጵያ ያለ መከራ አልቆመም። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1306–1336 ዓ.ም.) የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል በተባለ ጊዜ፥ አባ አኖሬዎስ ንጉሡን በፊታቸው እንደ ገሠጹ፥ ስለዚህም እንደ ተገረፉ የቅዱሳን ገድላት ይተርካሉ። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብና የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስም ንጉሡ በአንዲት ሚስት ይጸኑ ዘንድ አጥብቀው ስለ ጠየቁ፥ በእርሳቸውና በልጃቸው በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ተሰደዱ፤ አቡነ ያዕቆብም ወደ ግብጽ ተመለሱ። ከዚህም በኋላ ቤተ መንግሥቱ ልማዱን አልተወም፤ በ15ኛው ምእት ዓመት «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» የሚባሉ የእቴጌነት ማዕረጎች ነበሩ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከእቴጌ ተዋበች ጋራ በቍርባን ተወስነው ለመኳንንቱ መልካም አርአያ ሆነው ነበር፤ እቴጌይቱ በ1850 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ግን በዚያ ሥርዓት አልጸኑም። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ቈርበው፥ ከዚያ በፊት በሁለቱም ወገን ብዙ ጋብቻ ካለፈ በኋላ፥ እስከ ሞት በአንድነት ኖሩ።

ሆኖም ጥፋቱን በነገሥታት ላይ ብቻ መጫን ፍርድ አይሆንም። ከምእመናኑም በቍርባን የሚጋባው ጥቂት ነበር። የሚበዛው «በሰማንያ» ውል በንጉሥ ስም ምሎ ይጋባ፥ ባልተስማማም ጊዜ ከብቱን ተካፍሎ ይፋታ ነበር፤ ሌላውም በደሞዝ ለጊዜው ሚስት ይይዝ ነበር። አራት ሚስት ባንድ ጊዜ የያዘውን ጎረቤቱን እየነቀፈ፥ አራቱን በየተራ አግብቶ የፈታ ክርስቲያን በምን ይመካል?

በአርሲ ያለው የጋብቻ ሥርዓትም ያለ ሕግ አይደለም። ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. በራስ ዳርጌ መሪነት የተደረገው ዘመቻ ብዙ ደም ያፈሰሰ ስለ ነበረ፥ ቤተ ክርስቲያንም ከወታደሩ ጋራ ስለ መጣች፥ ከአርሲ ሕዝብ የሚበዛው በእስልምና ጸና። የእስልምና ሕግ እስከ አራት ሚስት ይፈቅዳል፤ ዳሩ ግን በመካከላቸው በትክክል ማስተዳደርን ግዴታ ያደርጋል። በአገሩም ልማድ የሟች ወንድም መበለቲቱን ይወርሳል፤ ይህም ልጆቹና ከብቱ ከጎሣው እንዳይወጡ ነው፤ ለሴቲቱ ግን መጠጊያም ቀንበርም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጋራ የአርሲ ሴት እናትዋ በሰርግዋ ቀን የምትሰጣት ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አለቻት። ባል ሚስቱን የበደለ እንደ ሆነ፥ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮኹ ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ ሽማግሎች ፈርደው በደለኛው እስኪክስ ድረስም አይመለሱም። ክርስቲያን ቢሆን ይህን አይቶ በቤቱ ያለችው ሚስት ስትበደል የሚጮኽላት ማን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

መንግሥትም በበኩሉ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፊተኛው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባትን ከለከለ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫና በ1997 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግ ሁለተኛ ጋብቻን ይቀጣሉ፤ ነገር ግን ልማድ ወይም ሃይማኖት በሕግ ለተፈቀደለት በር ትተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር የሚመጣው ሁለት ሚስት ያለው ሰው ጥምቀት ሲሻ ነው። ሕጉ በአንዲቱ ይወሰን ይላል፤ ይህም አይሻርም። ነገር ግን የምትለየው ሴት ምን ኃጢአት ሠራች? አጋር በምድረ በዳ ስታለቅስ እግዚአብሔር ሰምቷታል። ስለዚህ ያ ሰው ለእርስዋ ቤትና ቀለብ፥ ለልጆችዋም አባትነትንና ርስትን ሳያጓድል ሊሰጥ ይገባዋል፤ የንስሓ አባቱም ይህን አስቀድሞ ይመርምር። ሚስትን ወደ አንዲት መመለስ የሕጉ መጀመሪያ ነው፤ ማንንም ሳይገፉ መመለስ ግን ፍጻሜው ነው።

ኢዮቤልዩ በኦሪት የተገፋው የሚያርፍበት፥ የተያዘው ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነበር። ደብሩ በዓሉን ሲያከብር፥ በሰማንያ የኖሩ ባልና ሚስት ወደ ቍርባን ቢቀርቡ፥ የተገፋችም ሚስት ድርሻዋን ብታገኝ፥ ከከበሮውና ከጽናጽሉ ይልቅ ይህ ያማረ ምስጋና ይሆናል። በቃና ዘገሊላ ሰርግ የተገኘ ጌታ የምእመናኑን ቤት ሁሉ ይባርክ። አሜን።