ጋቢው ለሙሽራ፣ ስድቡ ለሸማኔ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቅርብ ጓደኛችሁ ሊያገባ ነው እንበል። ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? አንዱ ከመርካቶ የብርጭቆ ስብስብ ይገዛል፣ ሌላው ብርድ ልብስ ያስጠቀልላል፣ ጊዜ ያጠረው ደግሞ ብሩን በፖስታ ያሽጋል። ሁሉም ደግ ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር መሀል የሙሽራው አያት ፈትለው ያሠሩት ጋቢ ብቅ ሲል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ብርጭቆ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ይገዛል። አያትየው ግን ለዚህ ልጅ ብለው ስንት ምሽት እንዝርት ሲያሾሩ እንደቆዩ ሁሉም ያውቃል።

በእጅ የተሠራ ስጦታ እንወዳለን። ገጸ በረከት የሚል የሚያምር ቃልም አለን። ታሪካችንን ገለጥ ስናደርግ ግን አንድ የማያምር ነገር እናገኛለን፤ ስጦታውን እንዲህ የምንወድ ሰዎች ስጦታውን የሠራውን እጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ስንሰድብ ኖረናል።

አንድ ክር፣ ሁለት ዓይነት ክብር

ጋቢው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጥጡ መጀመሪያ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። የተፈተለው ክር ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ አንድና ሁለት ልቃቂት አይበቃውም። ፈትሉ ሲያልቅ ሥራው ከሴቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ድሩን ከማጉ ያገናኛል።

ልብ በሉ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስጦታ ሠሩ። ክብሩን ግን እኩል አልተካፈሉም። ፈታይዋ ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች። በድሮው ዘመን የባላባት ሚስትም የገበሬ ሚስትም ይፈትሉ ነበር፤ መፍተል ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ክሩ ሸማኔው ደጅ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በደጋው አገር ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ነው። ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በቡዳነት ትጠረጠራለች። ማረሻና ምጣድ የሠራላቸው ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ ሲነጋ በዚያው ማረሻ ያርሱ፣ በዚያው ምጣድ ይጋግሩ ነበር።

ቋንቋው ራሱ ይታዘበናል። «ጥበብ» ማለት ዕውቀት ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወርደውም ጌጥ ጥበብ ነው። «ጠቢብ» ስንል ንጉሥ ሰሎሞን ትዝ ይለናል። «ጠይብ» የሚለው ቃልም ከዚያው ከጥበብ የወጣ ነው። አንዱን ሥር ለሁለት ከፍለን፣ ግማሹን ለንጉሥ ሙገሳ፣ ግማሹን ለቀጥቃጭ ስድብ አደረግነው።

ርስት ያጣ እጅ

ይህ ንቀት ከሰማይ አልወረደም። ከመሬት ነው የበቀለው። በሰሜኑ ደጋ ሰው ከሰው እኩል የሚቆመው ርስት ሲኖረው ነበር። የቤተ እስራኤልን ታሪክ እንውሰድ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ክርስትና ያልተቀበለ ርስት እንዳይወርስ መወሰናቸው በትውፊት ይነገራል። መሬት የተነፈገ ሰው በምን ይኖራል? በእጁ። ብዙዎቹ የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ እያበጁ ኖሩ። ጎንደር ስትገነባ በግንበኝነትና በአናጢነት መሥራታቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። መጀመሪያ መሬቱን ነጠቅናቸው፤ ቀጥሎ መሬት ስለሌላቸው የያዙትን ሙያ ሰደብን።

በዚያችው ጎንደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። እቴጌይቱና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም እንደሰጡት የሚታመን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋም አለ። ሁለቱም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል ናቸው፤ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ይመለሱልን ብለን እንጮኻለን፤ ይገባናል። ስለ ሰጪዋ እቴጌም እናውቃለን። ወርቁን ስላቀለጠውና ስለቀረጸው እጅ ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ስጦታውን ተቀብለው ሠሪውን የጠየቁ ንጉሥ

አንድ ሰው ጥያቄውን ገልብጠውት ነበር። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ በብር ያጌጠ ጥንድ ሽጉጥ ይዞ ዓፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ስጦታውን በደስታ ተቀበሉ። ልባቸው ግን ያለው ሽጉጥ መሥራት የሚችለው ሰው ላይ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ከሁሉ የሚገዝፈው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ውጤት ነው። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ሚስዮናዊውን ፍላድን ባለሙያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎች ተቀጥረው ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። የታሰሩት አውሮፓውያን ስላልተለቀቁ ግን ንጉሡ ዘንድ ሳይደርሱ ቀሩ፤ የቀረውን ታሪክ መቅደላ ጨረሰው።

የቴዎድሮስ መንገድ ጨካኝ ነበር፤ ሰው አስሮ ሙያ መማር አይቻልም። የጠየቁት ነገር ግን ትክክል ነበር። ስጦታ ያልቃል፤ መሥራት የሚችል እጅ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ንጉሡ ከባሕር ማዶ ባለሙያ ሲለምኑ ሕዝቡ የገዛ መንደሩን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እያለ ይሸሽ ነበር።

አዋጁና ቅሬታው

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ አንድ አስገራሚ አዋጅ አስነገሩ። ሰውን በሥራው መስደብ ተከለከለ። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውንና ሌሎቹንም ባለሙያዎች ከነስድባቸው እየጠራ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የተወለደ መሆኑን ያስታውሳል፤ ተሳዳቢው እንደሚቀጣም ያስጠነቅቃል። ምኒልክ ይህን ያደረጉት ከርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም። አዲስ አበባ እያደገች ነበር። ከተማ ደግሞ በስድብ አይገነባም፤ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ይፈልጋል።

ሸማኔዎቹም መጡ። ደቡቡ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ከገባ በኋላ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ አካባቢዎች ሰዎች መወርወሪያቸውን ይዘው ወደ ከተማይቱ እየተጓዙ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ዛሬ ለሠርግም ለበዓልም የምንሮጥበት ሽሮ ሜዳ ስሙን ያገኘው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያስወጣውም ከቤት ግን አላወጣውም። ልጄን ለሸማኔ አልድርም የሚል አባት አዋጅ አይበግረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስት የሚባለውን ነገር ከሥሩ ሲነቅለው እንኳ፣ ከርስት የበቀለው ንቀት ቆሞ ቀረ።

ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ የሚያበጇቸውን የሸክላ ምስሎች ጎብኚዎች ለስጦታ እየገዙ ይወስዷቸው ነበር። ጎረቤት በቡዳነት የሚጠረጥረው እጅ የሠራው ሸክላ በሩቅ አገር ሳሎን ውስጥ በክብር ተቀመጠ። ከዚያ በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን መጣ፤ በሁለተኛው ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። መንደሯ ዛሬም ሸክላ ትሸጣለች። በሙያው ስሟን ያስጠሩላት ግን አብዛኞቹ ሄደዋል።

ሐረር እንዴት ሆነላት?

የእጅ ሥራ ሁሉ የግድ ይናቃል እንዳትሉ ሐረር አለች። የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉት ስፌት የቤቱን ግድግዳ ሞልቶ ይታያል፤ ለሠርግም ይሰጣል። ሰፊዋ የቤቱ እመቤት ራሷ ናት፤ ልጇንም ታስተምራለች። አብረው ተቀምጠው እያወጉ ይሰፋሉ፤ ጨዋታው የሥራው አንድ ክፍል ነው። ሠሪዋ የተከበረች ስለሆነች ሥራዋ ከተሰቀለበት ግድግዳ ጋር ስሟም ይነሳል። ከፈታይዋና ከሸማኔው ታሪክ ጋር አስተያዩት። ክብርና ንቀቱ የመጣው ከሥራው ክብደት ወይም ከቆሻሻው አይደለም፤ «ማን ነው የሚሠራው?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

የእኛ ትውልድስ?

እኛ ሸማኔን አንሰድብም። ተምረናል፤ ከተሜዎች ነን። ግን በሌላ መንገድ ተክነንበታል። ጥለቱ በማሽን ታትሞ ከውጭ የመጣ ጨርቅ እንገዛና «ባህላዊ ስጦታ» ብለን እናስረክባለን። እውነተኛውን ስንገዛም ዋጋው ላይ እንከራከራለን፤ ስንት ቀን ፈጀ ብለን ግን አንጠይቅም። ከጋሞ ተራሮች ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ከሸማ ጉድጓድ ያልወጡ ሕፃናት ታሪክ በጥናትም በዜናም ተደጋግሞ ተነግሯል። ለልጃችን ልደት የገዛነውን የሐበሻ ልብስ የእሱ እኩያ ሠርቶት ይሆን? የድሮው ሰው ሸማኔውን ቢሰድበውም ቤቱን ያውቀው ነበር። እኛ አንሰድበውም፤ አናውቀውምም።

በእጅ መሥራትን የማናውቅ ሰዎች ግን አይደለንም። አብዛኞቻችን ልጅ ሆነን ለእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ መልአክ ወይም አደይ አበባ ስለን፣ ቀለም ቀብተን፣ የጎረቤቱን ሁሉ በር አንኳኩተናል። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ቢረዝምም ጋሼና እትዬ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳንቲም ሸልመውናል። ስዕሉ ጥሩ ስለሆነ አልነበረም፤ ማን እንደሠራው ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ብዙ ልጆች የታተመውን ካርድ ገዝተው ያድላሉ። ካርዱ ከእኛ መልአክ በጣም ያምራል፤ የማንም ግን አይደለም።

ስለዚህ ለመጪው ሠርግ፣ ለመጪው ልደት አንድ ነገር እንሞክር። የምትችሉ በእጃችሁ ሥሩ፤ ቢንጋደድም ይወደዳል። የማትችሉ ግዙ፤ ግን ከሠሪው ግዙ። ሥራው ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቁ፣ ሠሪው አዋቂ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ የሚገባውን ክፈሉ፣ ስሙን ጠይቁ። ከዚያ ስጦታውን ስታስረክቡ «ይህን የሠራው እገሌ ነው» በሉ። ምኒልክ በአዋጅ ያልጨረሱትን ሥራ እኛ በአንድ ጋቢ መቀጠል እንችላለን።