«የጋዝ መብራት» እና የባል ሥልጣን

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ፓትሪክ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ያበረከተው «የጋዝ መብራት» በሥነ ልቡናዊ ልብ አንጠልጣይ ድርሰቶች ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያለው ተውኔት ነው። ድርጊቱ የሚፈጸመው በ1880 በአንድ የለንደን ቤት ነው። ባል ዕቃ እየደበቀ በሚስቱ ያሳብባል፤ እናቷ አእምሮዋ ታውኮ መሞቷን የማትረሳው ሚስትም የገዛ ልቡናዋን መጠራጠር ትጀምራለች። እውነቱን የሚያጋልጠው መብራቱ ነው። ባል ቀድሞ የገደላትን አሮጊት ዕንቁዎች ፍለጋ በድብቅ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ መብራት በለኮሰ ቁጥር፣ የጋዙ ግፊት ስለሚቀንስ የታችኛው ክፍል መብራት ይደበዝዛል።

የፍርሃቱ ምንጭ እንግዲህ ሕመም ሳይሆን ባል በቤቱ ላይ ያለው ሥልጣን ነው። ያገቡ የእንግሊዝ ሴቶችን የንብረታቸው ሙሉ ባለቤት ያደረገው ሕግ የወጣው በ1882፣ ከታሪኩ ዘመን ሁለት ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጆርጅ ኩከር በ1944 ያዘጋጀው የሆሊውድ ፊልም ለኢንግሪድ በርግማን የኦስካር ሽልማት አስገኝቷል፤ ይሁንና ጡረተኛውን መርማሪ በመልከ መልካም ወጣት መተካቱ የገበያ ፍላጎት እንጂ የጥበብ ግዴታ አይመስልም። የመጨረሻውን ትዕይንት ኃይል ግን አላጠፋውም፦ ከወንበር ጋር የታሰረው ባል ገመዱን እንድትቆርጥለት ሲማጸናት፣ እብድ ስለ ሆነች ልትረዳው እንደማትችል ትነግረዋለች።