«ምናባዊ እውነታ» ወይስ «ምስለ ገሃድ»? በከፍታ ፍርሃት ሕክምና ውስጥ ስለሚያስፈልግ ስያሜ

ለ«ቨርቹዋል ሪያሊቲ» የአማርኛ አቻ ሆኖ የቀረበው «ምናባዊ እውነታ» በመገናኛ ብዙኃንም በትምህርት ጽሑፎችም እየተለመደ መጥቷል። ስያሜው ለጆሮ ቢጥምም ነገሩን ከመግለጥ ይልቅ ስለሚሸፍነው፣ ሥር ከመስደዱ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። ጉድለቱ በጨዋታና በመዝናኛው ዘርፍ እምብዛም አይታወቅ ይሆናል፤ ቴክኖሎጂው የከፍታ ፍርሃትን ለማጥናትና ለማከም ሲውል ግን ስያሜው ሐኪሙንም ታካሚውንም ወደማደናገር ይደርሳል።

የከፍታ ፍርሃት ማንም ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ከሚሰማው ተፈጥሯዊ ጥንቃቄ የተለየ ነው፤ በሰገነት፣ በድልድይ ወይም በደረጃ ላይ ሰውን ከአደጋው መጠን በላይ የሚያስጨንቅና ከዚያ ቦታ እንዲሸሽ የሚያደርግ ሕመም ነው። ሽሽቱ ፍርሃቱን ስለሚያጸናው፣ ሕክምናው ታካሚውን ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ ማገናኘት ሆኗል። ይህም በሦስት መንገድ ይፈጸማል። የመጀመሪያው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ሲሆን፣ ታካሚው ሰውነቱን አዝናንቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈራውን ነገር በሐሳቡ እንዲሥል ይደረጋል። ሁለተኛው ታካሚውን ራሱን ወደ ሰገነቱ ወይም ወደ ድልድዩ መውሰድ ነው። ሦስተኛው፣ ዐይንን የሚሸፍን ማሳያ አጥልቆ፣ ከራስ እንቅስቃሴ ጋር አብሮ የሚለዋወጥ በኮምፒዩተር የተሠራ ከፍታ ማሳየት ነው፤ «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» የሚባለውም ይህ ነው።

ይህን ሦስተኛ መንገድ በአሜሪካ አትላንታ ባርባራ ሮትባውም፣ ላሪ ሆጅስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ፈትነውታል። በጥናቱ ተማሪዎች በኮምፒዩተር በተሠሩ የእግረኛ ድልድዮች፣ ሰገነቶችና ወደ ላይ በሚወጣ የመስታወት አሳንሰር አማካይነት ሕክምና ተሰጥቷቸው፣ ሕክምናውን ሲጠብቁ ከቆዩት ይልቅ ፍርሃታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በኔዘርላንድ ፖል ኤመልካምፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ሦስተኛውን መንገድ ከሁለተኛው ጋር አነጻጽረው ውጤቱ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይተዋል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ፍሪማን የመራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው፣ 100 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የሐኪሙን ቦታ በኮምፒዩተር ለተሠራ አሠልጣኝ ሰጥቶ፣ የታከሙት ሰዎች ፍርሃት በአማካይ በ68 በመቶ መቀነሱን መዝግቧል።

«ምናባዊ» የሚለው ቅጽል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ምናብ ሰው በገዛ አእምሮው የሚፈጥረው ሥዕል በመሆኑ፣ ቃሉ በትክክል የሚገባው ለመጀመሪያው፣ ለዎልፒ መንገድ ነው። በማሳያው ውስጥ የሚታየው ከፍታ ግን በታካሚው ሐሳብ አልተሠራም፤ ከውጭ በዐይኑ የሚገባ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሦስተኛ መንገድ የፈለጉትም ብዙ ሰዎች የሚፈሩትን ነገር በምናባቸው አጉልተው መሣል ስለሚያዳግታቸው ነበር። እንግዲህ ሦስተኛውን መንገድ «ምናባዊ» ማለት፣ ሊያግዘው በመጣለት በመጀመሪያው መንገድ ስም መጥራት ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ የሚንቀጠቀጥን ሰው «ምናብህ ነው» ማለት በአማርኛ ሕመሙን ማቃለል ነው፤ ሐኪም ለሕክምናው መጠሪያ እንዲያደርገው ሊጠየቅ አይገባም።

የቃሉ ሥርም ይህን ይደግፋል። «ቨርቹዋል» የመጣው «ቪርቱስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ ኃይል፣ ብርታት፣ ምግባር ነው፤ በስሙ ወይም በአካሉ ያ ነገር ሳይሆን በሥራው ግን እንደዚያ ነገር የሚሆነውን ያመለክታል። በማሳያው ውስጥ ያለ ታካሚ በደልዳላ ወለል ላይ መቆሙን እያወቀ መዳፉን የሚያልበውና ልቡ የሚመታው፣ ምስሉ የከፍታን ኃይል ስለያዘ ነው።

ሌሎች አማራጮችም ሊታሰቡ ይችላሉ። «ሰው ሠራሽ እውነታ» ማን እንደሠራው ይናገራል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ ሰው የሠራው እውነተኛ ፎቅም ሰው ሠራሽ ነውና። «አስመሳይ እውነታ» ወደ ትክክለኛው ሥር፣ ወደ «መሰለ» ቢጠጋም፣ «አስመሳይ» በአማርኛ ግብዝንና አታላይን ስለሚያስታውስ ለሕክምና አይመችም። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው «ምስለ ገሃድ» ነው። «ገሃድ» ግልጥ የወጣ፣ በዐይን የሚታይ ማለት ሲሆን፣ «ገሃዱ ዓለም» በሚለው አነጋገር ሁሉም ያውቀዋል፤ የጥምቀት ዋዜማ ጾምም በዚሁ ስም ይጠራል። «ምስለ» ደግሞ «ሥነ ልቦና»ና «መዝገበ ቃላት» በተሠሩበት የግእዝ አያያዝ «የ... ምስል» ማለት ነው። ከዚህ ሥር የወጣው «ምስለኔ» የሚለው የቀድሞ አስተዳደር ማዕረግ «እኔን መሳይ» ማለት ነበር፤ ምስለኔው ገዢው ራሱ ባይሆንም ትእዛዙ በገዢው ሥልጣን ይጸና ነበር። «እንደራሴ»ም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ቃል ነው። አማርኛ «በአካል ያልሆነ፣ በኃይል ግን የሆነ» የሚለውን ሐሳብ ላቲንን ሳይጠይቅ ይዞት ኖሯል።

በዚህ ስያሜ ሦስቱ መንገዶች በግልጽ ይለያሉ፦ በምናብ፣ በምስለ ገሃድ እና በገሃድ። በግእዝ «ምስለ» «ከ... ጋር» ማለትም ስለሆነ፣ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» በሚባለው የእመቤታችን ሥዕል ስም እንደሚታየው፣ ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በአገባባቸው ይለያሉ፣ «ምስል» የሚለውን ቃል የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪም የለም። ቅጽል ሲያስፈልግ «ምስለ ገሃዳዊ ሕክምና» ማለት ይቻላል፤ «ምናባዊ እውነታ» ግን ሌላ ቃል ለመውለድ አይመችም።

ከዚሁ ጋር፣ ታካሚውን ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ ለሚያገናኘው ሕክምና የሚሰጠው «የተጋላጭነት ሕክምና» የሚለው አጠራርም መታረም አለበት። «ተጋላጭ» በአማርኛ ለበሽታ ወይም ለጉዳት የቀረበ ሰው ስለሆነ፣ ታካሚውን ወደ ጉዳት የሚያቀርብ ሕክምና ያስመስላል። «የማላመድ ሕክምና» ቢባል፣ ቀስ በቀስና በትዕግሥት መሠራቱንም ፍርሃቱ በልምድ የሚበርድ መሆኑንም ይናገራል።

ለአዲስ ነገር ስም ማውጣት የውጭውን ቃል ክፍል በክፍል መገልበጥ አይደለም፤ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ መርምሮ፣ ያን ሥራ ከሚያውቀው የቋንቋው ሥር ቃል ማውጣት ነው። የሕክምና መምህራን፣ ተርጓሚዎችና ጋዜጠኞች «ምስለ ገሃድ»ን ዛሬ ቢጠቀሙበት፣ ነገ የከፍታ ፍርሃት ያለበት ሰው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሰጠው ከስሙ ብቻ ሊረዳ ይችላል፤ የሕክምና ቋንቋ የመጀመሪያ ግዴታም ይህ ነው።