ቅጣት ወይስ ዋጋ? የብሪታንያ ባንኮች ክርክር ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በርካታ የብሪታንያ ባንክ ደንበኞች የስድስት ዓመት የሂሳብ መግለጫቸውን አገላብጠው «ያለአግባብ የወሰዳችሁትን ገንዘብ መልሱ» ሲሉ ባንኮቻቸውን ጠየቁ። በሂሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የክፍያ ትእዛዝ ሲደርስ፣ ባንኩ 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ መቁረጡ የተለመደ ነበር። ደመወዙ አንድ ቀን የዘገየበት ሠራተኛ ለጥቂት ፓውንድ ጉድለት ይህን ያህል ይከፍላል፤ የተቆረጠበትም ገንዘብ ሂሳቡን ይበልጥ አጉድሎ ሌላ ክፍያ ያስከትልበታል።

ደንበኞቹ ሁለት የሕግ መሠረት ነበራቸው። አንደኛው፣ ሊደርስ ከሚችል ጉዳት ጋር የማይመጣጠን የውል ቅጣት በእንግሊዝ ሕግ የማይጸና መሆኑ ነበር። ሁለተኛው፣ ሚዛናዊ ያልሆኑ የሸማች ውሎችን ይመለከት የነበረው የ1999 ደንብ ነበር። ከ5,000 ፓውንድ የማይበልጥ ክስ ያለ ጠበቃ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ሊቀርብ ይችል ስለነበር፣ ባንኮቹ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ሳይሰማ ገንዘቡን መመለስን መረጡ። ደንበኛው አሸነፈ፤ ሆኖም ፍርድ ስላልተሰጠ ለሌሎች የሚጠቅም አስገዳጅ የሕግ ትርጓሜ አልተገኘም።

በሐምሌ 2007 የፍትሐዊ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሰባት ባንኮችንና አንድ የቤት ቁጠባ ማኅበርን በመፈተኛ ክስ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ የግለሰቦቹም አቤቱታ በአብዛኛው ውጤቱን እንዲጠብቅ ታገደ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጊዜው ያመጣቸውን ውሎች መርምሮ ክፍያዎቹ «ቅጣት» አይደሉም አለ፤ በ1999ኙ ደንብ መሠረት ሚዛናዊነታቸው ሊመረመር እንደሚችል ግን ተቀበለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በዚሁ ጸና። ኅዳር 25 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ግን አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ለባንኮቹ ፈረዱ፦ ክፍያዎቹ ደንበኛው ለሂሳብ አገልግሎቱ በጠቅላላ ከሚከፍለው ዋጋ አንድ ክፍል ናቸው፤ ዋጋው ለአገልግሎቱ ተመጣጣኝ መሆን አለመሆኑን መመዘን ደግሞ በደንቡ ተከልክሏል።

ዳኞቹ ክፍያዎቹ ፍትሐዊ ናቸው አላሉም፤ የወሰኑት ያን ጥያቄ በዚህ መንገድ ማንሳት እንደማይቻል ብቻ ነው። የደንበኛ ሂሳብ «ነጻ» ይባል እንጂ፣ ከባንኮቹ የግል ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ገቢ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ክፍያዎች ይገኝ ነበር። ጥሪት ያለው ደንበኛ በነጻ የሚገለገለው የጎደለበት ስለሚከፍልለት ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በኦቨርድራፍት ላይ የሚጣሉ ቋሚ የቀንና የወር ክፍያዎችን አስቀረ፤ ያልተፈቀደውን ኦቨርድራፍት ከተፈቀደው አስወድዶ ማስከፈልንም ከለከለ። ከፍርዱ እስከዚያ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በየግል የሚገኝ ካሳ የተጎዳውን ይክሳል፤ ጎጂውን አሠራር የሚለውጠው ግን ሁሉንም የሚገዛ ደንብ ነው።