የአንድ ምሽት እንግዳ፤ ዊሊያም ማርሻል በመድረክና በቴሌቪዥን

በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዓለም ሁለት ዓይነት ተዋንያን አሉ። የመጀመሪያዎቹ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው፤ ሳምንት በመጣ ቁጥር በዚያው ስምና በዚያው ልብስ ከተመልካቹ ፊት ይቀርባሉ። ሁለተኞቹ እንግዶች ናቸው፤ ለአንድ ምሽት ይመጣሉ፣ የታሪኩን ቋጠሮ ያጠብቃሉ፣ ቋጠሮው ሲፈታም ተሰናብተው ይሄዳሉ። እንግዳው ተዋናይ ገጸ ባሕርዩን ከተመልካቹ ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምድበት ጊዜ የለውም። ባለቤቶቹ በዓመታት የሚገነቡትን እሱ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ መገንባት አለበት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ውስጥ ለጥቁር ተዋንያን ከዚህ የእንግድነት ወንበር ሌላ የተሰጠው ቦታ እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያ ወንበር ተቀምጦ ከብዙ ባለቤቶች የበለጠ አሻራ ትቶ ካለፈው አንዱ ዊሊያም ማርሻል ነው።

ማርሻል በብረት ፋብሪካዎቿ በታወቀችው የኢንዲያና ከተማ በጌሪ፣ ኦገስት 19 ቀን 1924 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ግን ልቡ ወደ ተውኔት አዘነበለ። በ1944 «ካርመን ጆንስ» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በብሮድዌይ መድረክ ታየ። በ1950 «ፒተር ፓን» ሲቀርብ፣ ካፒቴን ሁክን ለሚጫወተው ለስመ ጥሩው ቦሪስ ካርሎፍ ተጠባባቂ ሆኖ ተመደበ። በ1951 ደግሞ «ዘ ግሪን ፓስቸርስ» በተባለው ተውኔት እግዚአብሔርን ሆኖ ተጫወተ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ድምፁ ጥልቅና ግርማ ያለው፣ ንግግሩ ጥርት ያለ ሰው ነበር። በ1952 በወጣው «ሊዲያ ቤይሊ» በተባለው ፊልም ውስጥም በሄይቲ አብዮት የሚሳተፍ ብልህና ኩሩ ሰው ሆኖ ቀረበ። ጥቁር ተዋንያን ለሎሌነትና ለቀልድ ብቻ በሚታጩበት በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እንዲህ ላለው ተዋናይ የራሱ ዝግጅት ይገባው ነበር፤ አግኝቶም ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ «የሃርለም መርማሪ» በተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋናውን ክፍል ያዘ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሴናተር ማካርቲ ዘመን ነበር። «ካውንተርአታክ» የተባለው ፀረ ኮሚኒስት የዜና ጽሑፍ የማርሻልን ስም በኮሚኒስትነት አወጣው፤ ዝግጅቱም ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ስሙ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የወጣ አርቲስት ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ከሥራው ይገለል ነበር። ማርሻል የቤት ባለቤትነቱን እንዲህ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ ኖረ።

እንግድነቱ ግን የልመና አልነበረም። በ1964 «ቦናንዛ» በተባለው ዝነኛ የምዕራብ አሜሪካ ድራማ ውስጥ የኦፔራ ዘፋኙን ቶማስ ባወርስን ሆኖ ቀረበ። ከተማዋ ዘፋኙን በክብር ጠርታው ነበር፤ ጥቁር መሆኑን ስታይ ግን በሯን ትዘጋበታለች፤ የኮበለለ ባሪያ ነው ተብሎም ይጠረጠራል። በዚያው ዓመት «ከአንክል የመጣው ሰው» በተባለው የስለላ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የአንድ ምናባዊ የአፍሪካ አገር መሪ ሆኖ ታየ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከመድረክ አልራቀም። ሼክስፒር የጻፈውን ኦቴሎን ቢያንስ በስድስት ልዩ ልዩ ዝግጅቶች ተጫውቶታል። የለንደኑ የሰንዴይ ታይምስ ሐያሲ ሃሮልድ ሆብሰን የማርሻልን ኦቴሎ በዘመኑ ከታዩት ሁሉ የላቀ ነው ሲል አወድሶታል።

ኦቴሎን በልቡ ይዞ የሚዞረው ይህ እንግዳ በ1968 «ስታር ትሬክ» ወደተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ገባ። ድራማው ከ1966 እስከ 1969 በኤን ቢ ሲ ጣቢያ የታየ ሲሆን፣ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለች መርከብ በከዋክብት መካከል የምታደርገውን ጉዞ ይተርካል። ማርሻል የተጫወተበት ክፍል «የመጨረሻው ኮምፒዩተር» የተባለው ነው፤ ማርች 8 ቀን 1968 ለሕዝብ ቀረበ። የድራማውን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ዲ. ሲ. ፎንታና ከሎረንስ ወልፍ ታሪክ ተነሥታ ነው።

ማርሻል የተጫወተው ዶክተር ሪቻርድ ዴይስትሮም በመላው ጠፈር የታወቀ ሊቅ ነው። በ24 ዓመቱ በፈለሰፈው ዘዴ መርከቦቹ ሁሉ የሚመሩባቸው ኮምፒዩተሮች ተሠርተዋል፤ የኖቤልን ሽልማትም ወስዷል። አሁን ኤም 5 የተባለ አዲስ መኪና ይዞ መጥቷል። ከአራት መቶ የሚበልጡ ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ ይህ መኪና ሃያ ሰዎች ብቻ ቀርተውለት ያከናውናል፤ ካፒቴን ኪርክም ራሱ ትርፍ ሰው ሊሆን ነው። የመኪናው ምሥጢር ዴይስትሮም የገዛ አእምሮውን ቅርጽ ያተመበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ኤም 5 የጌታውን ሊቅነት ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ወርሷል። ለልምምድ የመጡትን የወገን መርከቦች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል፤ ሰዎችም ያልቃሉ። በመጨረሻ ኪርክ መኪናውን በራሱ ላይ ዳኛ ያደርገዋል፤ ኤም 5 ነፍስ ማጥፋቱን አምኖ ሥራውን ያቆማል። ዴይስትሮም ግን ከፍጥረቱ ጋር አብሮ ይፈርሳል፤ አእምሮው ተነክቶ ለሕክምና ይወሰዳል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ዴይስትሮም የቆዳ ቀለም አንድም ቃል አይነገርም። የተቀሩት ገጸ ባሕርያት የሚያደንቁት፣ የሚከራከሩትና የሚያዝኑለትም በሊቅነቱ ነው። ክፍሉ በታየ በ27ኛው ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ከተማ ተገደለ። ጥቁር አሜሪካዊ ለመምረጥና ለመማር መብቱ ደሙን በሚያፈስበት በዚያ ወቅት፣ በእያንዳንዱ ቤት መስኮት ላይ የዘመኑ ታላቅ ሳይንቲስት ጥቁር ሆኖ መቅረቡ ብዙ ስብከት ያልሠራውን ይሠራል።

እርግጥ ነው፣ ሊቁ በመጨረሻ መውደቁን አይቶ «ጥቁሩን ከፍ አድርገው መልሰው ጣሉት» የሚል ተቺ ቢነሣ አያስገርምም። የማርሻል ጥበብ የሚለየውም በዚህ ላይ ነው። ዴይስትሮምን ተራ እብድ አድርጎ አልተጫወተውም። ገና በወጣትነቱ ከፍታ ላይ ወጥቶ፣ ቀሪ ዘመኑን «ያኔ የሠራኸውን ዛሬ ድገመው» በሚል ስውር ፈተና የኖረ፣ ሌሎች በሥራው ላይ ሲገነቡ ከጀርባው የሚስቁበት የሚመስለው ሰው አድርጎ አሳየው። ኤም 5ን ሲያነጋግር ድምፁ የአባት ድምፅ ነው፤ መኪናው ሲገድል ደግሞ ፊቱ ላይ የሚነበበው ልጁ ወንጀለኛ የሆነበት አባት ሐዘን ነው። ታላቅ ሆኖ የቆመ፣ ቦታውን የማጣት ስጋት ያደረበት፣ በስጋቱም የሚወደውን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው የኦቴሎ ወንድም ነው። ማርሻል ለአንድ ሳምንት ገደማ ቀረጻ በመጣ ጊዜ የብዙ ዓመት የመድረክ ስንቁን ይዞ መጣ፤ የአንድ ምሽት ድራማም ወደ መከራ ተውኔት ከፍ አለ።

ያገኘውን ክፍል ከፍ የማድረግ ልማዱ በ1972 በ«ብላኩላ» ፊልም ላይ ይበልጥ በግልጽ ታይቷል። ፊልሙ በዝቅተኛ ወጪ የተሠራ አስፈሪ ፊልም ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያ የተሰጠው ስም አንድሪው ብራውን ነበር፤ ይህም በጥቁሮች ላይ በሚሳለቀው «ኤሞስና አንዲ» በተባለው የቀልድ ዝግጅት ውስጥ ያለ ስም ነው። ማርሻል ከፊልሙ ሠሪዎች ጋር ተነጋግሮ ስሙንም ታሪኩንም አስለወጠ። ገጸ ባሕርዩ በ1780 የባሪያ ንግድን ለማስቆም ርዳታ ፍለጋ ወደ አውሮፓ የሄደ አፍሪካዊ ልዑል ሆነ፤ ስሙም «ማሙዋልዴ» ተባለ። ይህን ስም የሰማ አማርኛ ተናጋሪ በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቅ ያመጣውን ማሞ ወልዴን ሳያስታውስ አይቀርም።

ማርሻል ከዚያ በኋላም አላረፈም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአርቫይንና በሎስ አንጀለሱ የዋትስ ሰፈር የትወና ጥበብን አስተማረ። የባርነት ተቃዋሚውን የፍሬድሪክ ዳግላስን ሕይወት ለብዙ ዓመታት አጥንቶ በ1983 በቴሌቪዥን አቀረበ። በ1981 ኦቴሎን በቪዲዮ ለትውልድ አስቀረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበሩ ሕፃናት ደግሞ ያወቁት በ«ፒዊ የመጫወቻ ቤት» ዝግጅት «የካርቱን ንጉሥ» ሆኖ ሲመጣ ነው። ጁን 11 ቀን 2003 በ78 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ዐረፈ።

የዴይስትሮም ስም ግን በዚያ ምሽት አላለፈም። በ1989 በቀጣዩ የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ውስጥ በሊቁ ስም የሚጠራ የሳይንስ ተቋም ተጠቀሰ። በ2020 በጀመረው «ፒካርድ» ውስጥም ስሙ ተነሥቷል። እነዚህን ድራማዎች የጻፉት አዳዲስ ደራስያን የሳይንስ ታላቅ ተቋም መሰየም ባስፈለጋቸው ጊዜ ሁሉ የመጡት ወደዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ወደታየ ገጸ ባሕርይ ነው። ብዙ ባለቤቶች በየሳምንቱ ታይተው ተረሱ፤ በሩ በተዘጋበት ዘመን የመጣው እንግዳ ግን በቤቱ ውስጥ ስሙ የተጻፈበት ክፍል ትቶ ሄደ። ተዋናይ ምን ያህል ጊዜ ታየ ብሎ መጠየቅ የገንዘብ ያዥ ጥያቄ ነው፤ የኪነ ጥበብ ታሪክ የሚጠይቀው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ማንን አቁሞ አሳየን ብሎ ነው። ዊሊያም ማርሻል ሃምሳ ደቂቃ ተሰጠው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው አቁሞ አሳየ።