ጉዛራ፦ በብስክሌት የሚደረስበት ግንብና የኖራው ጥያቄ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራውን አውራ ጎዳና በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ የእንፍራዝን ኮረብታዎች አንድ ጊዜ አይቶ ይረሳቸዋል። በብስክሌት የሚጓዝ ግን አይረሳቸውም፤ ከሩቅ ታይተው እስኪደረስባቸው ድረስ ጊዜ ይወስዳሉና ዐይንም ሐሳብም ሥራ አይፈቱም። ከእነዚህ ኮረብታዎች በአንዱ አናት ላይ፣ የጣናን ሐይቅ ቁልቁል እየተመለከተ የቆመው ፍራሽ ጉዛራ ይባላል። የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም እንደ ሆነ ሲነገርለት የኖረ ሲሆን፣ ታላቅነቱን የሚጠራጠሩም አልጠፉም።

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምድሯ ሜዳ ነው፤ ጎዳናዎቿም ሰፋፊ ናቸው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌተኞች ድርሻቸውን ሰጥቷቸዋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። ይህም ሆኖ ታሪካዊ ቦታን በብስክሌት እየተዘዋወሩ መጎብኘት ገና ልማድ አልሆነም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በዚህ መንገድ ለመዝናናት ብሎ መሄድን አዳጋች አድርጎታል።

ጉዛራ ከባሕር ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለማይቸኩል ሰው ጉዞው የሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ ይዘልቃል። ሜዳው ወንዞቹ ከደጋው እያጠቡ ባመጡት ደለል የተሠራ በመሆኑ ፔዳሉ እምብዛም አይከብድም። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ጥቁር አፈር ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል። በማግሥቱ የርብ ወንዝ ይታለፍና ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱን እየገፉ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጉዛራ በልማድ የሚሰጠው ለአፄ ሠርፀ ድንግል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት እኒህ ንጉሥ በሰሜን ከቱርኮች ጋር ተዋግተው ድል ያደረጉ ሲሆን፣ የመንግሥቱን ማእከል ወደ ጣና አካባቢ ካዛወሩት ነገሥታት ዋነኛው ናቸው። በእንፍራዝ የነበረው ከተማቸው ጉባኤ ይባል ነበር። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ፣ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሲዘዋወሩ አሳልፈዋል። ስለዚህ በዚህ ኮረብታ ላይ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት መታነጹ የአኗኗር ለውጥ ምስክር ነው። ሕንፃው አራት ማዕዘን ሆኖ በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች ተሠርተውለታል፤ ይኸው አሠራር በኋላ በጎንደር በአፄ ፋሲል ግንብ እጅግ ተስፋፍቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1979 የጎንደር ግንቦች በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡም ጉዛራ አብሯቸው ተመዝግቧል።

ችግሩ የሚመጣው ከድንጋዩ ሳይሆን ድንጋዩን ካያያዘው ነገር ነው። የጉዛራ ግድግዳ በኖራ የተገነባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1624 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ግን ኖራ በዚህ አገር የታወቀው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከሕንድ በመጣ ባለሙያ አማካይነት መሆኑን ጽፏል። ይህ እውነት ከሆነ ጉዛራ በሠርፀ ድንግል ዘመን ሊሠራ አይችልም፤ ወይም በኋላ ተለስኖና ታድሶ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት ሕንፃውን ወደ አሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት የሚያወርዱ ተመራማሪዎች አሉ። ልዩነቱ የጥቂት ዐሥርት ዓመታት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የጎንደር ሥነ ሕንፃ ከኢየሱሳውያን ተጽዕኖ በፊት ተጀመረ ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር በሙሉ በእነዚህ ዓመታት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የአልሜዳ ምስክርነት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የጣና ዙሪያ ምድር እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ በመሆኑ የኖራ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝበትም። ድንጋዩ ተፈልጎ መገኘት፣ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መቃጠል፣ ከዚያም በውኃ መብረድ አለበት፤ ለዚህ ሁሉ ማገዶና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ግን አልሜዳ የሚመሰክረው የራሱ ጓደኞች ስላዩትና ስላደረጉት ነው። እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቫው ደ ጋማ ጋር ከገቡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን የተረፉት በአገሩ ተጋብተው ይኖሩ ነበር፤ በቀይ ባሕር በኩልም የቱርክና የሕንድ ሰዎች ይመላለሱ ነበር። አንድ ጥበብ አንድ ጊዜ ገብቶ፣ ለአንድ ንጉሥ አገልግሎ፣ ከባለሙያው ጋር መሞቱ በግንባታ ታሪክ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ለሚስዮናውያን አዲስ የሆነ ሁሉ ለአገሩ አዲስ ነው ማለት አይቻልም።

ደግነቱ ምስክሩ ራሱ ኖራው ነው። ኖራ ሲጠነክር ከአየር ውስጥ የካርቦን ጋዝ መልሶ ይስባል፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው ካርቦን ግድግዳው የተሠራበትን ዘመን ይዞ ይቀመጣል። ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ከተቀላቀለበት ዘመኑን አርጅቶ እንዲታይ ያደርገዋል እንጂ በጥንቃቄ ከተለየ የካርቦን 14 ምርመራ ሊያነበው ይችላል። በውስጡ የተቀበረ የከሰል ቅንጣት ከተገኘም ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል፤ ምንም እንኳ ያረጀ ዛፍ የነደደበት ከሰል የራሱ ማሳሳቻ ቢኖረውም።

እንግዲህ ጥገናው አሳሳቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በጎንደር ግንቦች ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው እድሳት ሲሚንቶና የተጠናከረ ኮንክሪት የተጠቀመ በመሆኑ፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እየነቀሉ ወደ ኖራ ለመመለስ ተገድደዋል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ደረቅና ግትር ነው። እርጥበቱን በመጋጠሚያው እንዲወጣ አይፈቅድለትም፤ ውኃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ሲፈልግ ድንጋዩ ይፈረፈራል። በጉዛራ ላይ ግን ከዚህ የባሰ አደጋ አለ። የቆየው መጋጠሚያ ተፍቆ በአዲስ ሲተካ ግድግዳው ሊቆም ይችላል፤ ማን እንዳቆመው የሚናገረው ነገር ግን ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ጠጋኝ መሐንዲስ ገና መሮውን ሳያነሣ ከእያንዳንዱ ግድግዳና ከእያንዳንዱ ማማ አንድ እፍኝ ኖራ ወስዶ፣ ቦታውን በንድፍ ላይ ምልክት አድርጎ ቢያስቀምጥ ወጪው ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይበልጥም።

ከኮረብታው ሲወርዱ ፔዳል አያስፈልግም፤ ፍሬን ብቻ ይበቃል። ከታች ያለችው እንፍራዝ እ.ኤ.አ. በ1700 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከጎንደር ሲመለስ ያለፈባት የንግድ ከተማ ነበረች። ጎዳናው ከዚያ ወደ ሰሜን ጎንደር ያደርሳል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ያው የፎገራ ሜዳ ነው።